«ማን ያውቃል?» ያለችኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው ልቧን በእጇ ደግፋ ከክሊኒክ ክሊኒክ ለምትዞር፣ «ምንም የለብሽም» በተባለች ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ለምትፈራ ሴት ነው። ወንድሟ ወይም ባሏ ከሆንክ አንተም አንብበው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ግን የክፍል ጓደኞቼን ዕድሜ እጥፍ አልፏል። የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። እሱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሳልጨምርም ሳልቀንስም ላስቀምጠው።

ስሜ ሰዓዳ ነው፤ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ። አባቴ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ ስትሞት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከእኔ በታች ሦስት ወንዶች ስለነበሩ ደብተሬን አስቀምጬ ድስት ያዝኩ። ወንዶቹ ተማሩ፣ አደጉ፣ ሁለቱ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። እኔ እነሱ ጨርሰው የሚጥሏቸውን መጻሕፍት እያነሳሁ ሳነብ ኖርኩ። ሽሮው እስኪንተከተክ አንድ ገጽ፣ ልብሱ እስኪደርቅ ሁለት ገጽ። ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ማታ ማታ እየተማርኩ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ለዘጠነኛ የማታ ክፍል ሲጠፋ፣ ዩኒፎርም አሰፍቼ ከልጆች ጋር በቀን ገባሁ።

አባቴ ያረፈው ያን ዓመት ክረምት ነው፤ በኮሮናው ዘመን፣ ግን በስኳር ሕመም። ያስታመምኩት እኔ ነበርኩ። ለቅሶ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ፤ ሻዩን የምቀዳ እኔ፣ ምግቡን የማቀርብ እኔ፣ ፍራሹን የማነጥፍ እኔ። የወንድሜ የጀማል ሚስት ነጃት ለሴቶቹ፣ «ሰዓዳ እኮ ብረት ናት፤ ዕንባ እንኳ አልወጣትም» ስትል ሰማኋት። በአድናቆት ነው ያለችው። እኔም እንደ ምስጋና ተቀበልኩት። እውነቱን ለመናገር ለማልቀስ ፋታ አልነበረኝም።

ሕመሙ የጀመረኝ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ወራት ነው። ጅግጅጋን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ ደብተር ላይ ይተኛል። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። ምንም ሳልሆን፣ ማንም ሳይናገረኝ፣ ልቤ መሮጥ ጀመረ። ጣቶቼን ወረረኝ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ የምስበው አየር ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። «ሞት እንዲህ ነው ማለት ነው» ብዬ አሰብኩ። መምህሩን አስፈቅጄ ወጣሁና ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ቆይቶ ተወኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ገበያ መሐል መጣብኝ። ከዚያ ባጃጅ ውስጥ። ከዚያ በሰላም ቁጭ ባልኩበት፣ በገዛ ቤቴ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ ባንድ ላይ ተገኝቶብሻል» አለኝ። ይህን ያልተባለ ሰው በከተማችን ያለ አይመስለኝም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ልቤ መሮጡን አልጨረሰም። ሁለተኛው «ጨጓራ ነው፤ የጨጓራ ባክቴሪያ» አለኝና ከበርበሬ፣ ከሎሚ፣ ከሻይ ለየኝ። ከሳሁ እንጂ አልዳንኩም። ሦስተኛው ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ የልቤን ምት በወረቀት አወጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና፣ «እህቴ፣ ይሄ ልብ ከኔም ካንቺም በላይ ይኖራል» ብሎ ሳቀ። ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን ከዚያ ክፍል የወጣሁት ስገባ ከነበረው በላይ ፈርቼ ነው። በሽታው ተገኝቶ ቢሆን መድኃኒት ይኖረዋል። «ምንም የለም» ለሚባል ነገር ምን ይታዘዝለታል?

ነጃት ሸኽ አምጥታ ቁርአን አስቀራችልኝ። ሸኹ ደግ ሰው ነበሩ። ቀርተው ሲጨርሱ «ሐኪምም አትተዉ» ብለው ሄዱ። ያን ቀን ረጋ ብዬ ዋልኩ፤ በማግሥቱ ተመለሰብኝ። እንቅልፍ ጠፋ። ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ካርቶን ሆነ። ከሁሉም የከፋው ግን ፍርሃቱ ጋብ ሲል የሚተካው ነገር ነበር፤ ምንም አለመፈለግ። መታጠብ አለመፈለግ፣ ሰው ማየት አለመፈለግ፣ መነሳት አለመፈለግ።

የክሊኒኩን ሁሉ የሚከፍል ጀማል ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የማያውቀውን ነገር በቁጣ የሚይዝ ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ፈረደ።

«ይሄ ንባብ ነው! ጭንቅላት የሚችለው ልክ አለው። በዚህ ዕድሜ ኬሚስትሪ ምን ይሠራልሻል? ይኸው አሳመመሽ። መንፈቁ ሲያልቅ ታቆሚያለሽ፤ አለቀ።»

ነጃት ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሳህኑ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የጠበቅሁትን ነገር ነው ባንድ ጉርሻ የቀማኝ። ግን ትምህርቱ ይሆን ያሳመመኝ ብዬ እኔም መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተጀመረ። መምህር ብርሃኑ የሚባል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት የባዮሎጂ መምህር፣ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ «የደግነት ክበብ» አቋቋመ። ከዓመት በፊት አንድ ተማሪ ማንም ሳያውቅለት ብዙ ተሰቃይቶ ትምህርቱን ጥሎ ሄዶ ነበር፤ ያ ነገር መምህሩን ከንክኖታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። በዕረፍት ሰዓት እዚያ የተቀመጠ ሰው «ከፍቶኛል» ማለቱ ነው። ተረኛ የክበቡ አባል ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል። መምከር ክልክል፤ መገሠጽ ክልክል፤ «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ማለትም ክልክል። ሦስት ጥያቄ ብቻ። በልተሃል? ተኝተሃል? ማን ያውቃል? ከባድ ነገር ከሆነ ብቻችንን አንይዘውም፤ ሰውየውን አስፈቅደን ለመምህሩ እንነግራለን፤ መምህሩ ወደ ሐኪም ቤት ያገናኛል። የሕይወት ጉዳይ ከሆነ ግን ፈቃድ አይጠበቅም።

ደንቡን ያረምኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ አማርኛውን ሲጽፉት ግሡ ከመሐል ሆኖ ነበርና «ኤዶ ሰዓዳ ታስተካክለው» ብለው አመጡልኝ። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። ስገባ ወንበር ይለቁልኛል፣ ቦርሳዬን ይሸከሙልኛል፣ እኔ ባለሁበት ቀልዳቸውን ይመጥናሉ። አክብሮታቸው ልብ ይነካል። ግን አስቡት፤ የአባቱን እህት «ምን ሆነሽ ነው? ለምን ከፋሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የት አለ? ወደ ኤዶ ጭንቀትህን ይዘህ ትሄዳለህ እንጂ የእሷን አትጠይቅም።

ይህን ያወቅሁት በጣም በከፋኝ ሰሞን ነው። ብዙ አሰብኩበት፣ አፈርኩ፣ በመጨረሻ በዕረፍት ሰዓት ሄጄ አረንጓዴው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠበቅሁ።

ሙክታር መጣ፤ የክፍላችን ቀልደኛ። ከአጠገቤ ተቀመጠና ተነፈሰ። «ኤዶ፣ ጥሩ ሆነ ተረኛ አንቺ መሆንሽ» አለኝ። «አባቴ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው። እናቴ ድስት እየወረወረች ነው። ትናንት ትልቁን ወረወረችው፤ ምሳ ነበረበት፣ ወላሂ።»

ምን ልበለው? በልተሃል ብዬ ጠየቅሁት። አልበላሁም አለኝ።

በማግሥቱ እንደገና ተቀመጥኩ። ሦስት ሴት ልጆች ተራ ይዘው ጠበቁኝ። አንዷ የፈተና ፍርሃት፣ አንዷ የጓደኛ ጠብ፣ አንዷ ደግሞ ሀርሺን ያሉ ዘመዶቿ ግመል ጠፍቶባቸው ለእሱ ነው የምታለቅሰው። «ዋሪያ፣ ሰልፉን ጠብቅ!» ትላለች አንዷ ከኋላ የሚገፋውን ልጅ። መምህር ብርሃኑ ከሩቅ አይቶኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ። ለእርዳታ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ እኔው ረዳት ሆኜ ተሾምኩ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን እዚያ ተቀምጬ «ከዚህ በላይ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?» እል ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ልጆች ያየችኝ አንዷ ናት። ሆዳን ትባላለች። ከቱሊ ጉሌድ መጥታ አክስቷ ዘንድ እየኖረች የምትማር፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ዓይኗ ግን የሚሠራ ልጅ። ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን ሁሉም ሲወጡ እሷ ቀረች። ሻርፗን እየጠመዘዘች ቆመች።

«ኤዶ» አለችኝ፣ «መጽሐፍሽ... ገጹ አልተገለጠም።»

«ምን?»

«ከሰኞ ጀምሮ አንድ ገጽ ላይ ነሽ። ወንበሩም ላይ፣ ክፍልም ውስጥ። አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ትበይዋለሽ እንጂ አታነቢውም። ደህና ነሽ?»

ደነገጥኩ። አፌ ግን የለመደውን መለሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

እዚህ አገር አልሐምዱሊላህ ከተባለ ወሬው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰውን መጎትጎት ነውር ነው። ሆዳን አንገቷን ደፍታ ወጣች። እኔ በሩን እያየሁ «ተመለሺ» አልኩ፤ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየሁም። አንድ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ከበሩ ተመልሼ ተኛሁ። በማግሥቱ በሩ ድረስም አልሄድኩ። ጀማል «ይሻላል፣ ትረፊ» አለ። ነጃት ዩኒፎርሙን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለጎረቤት ልጅ እንዲሆን አጥፋ አስቀመጠችው። ደግ አስባ ነው። ሳየው ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያ ሰሞን ተኝቼ ጠዋት ባልነቃ ብዬ መመኘት ጀምሬ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ምኞት ወደ አንቺም መጥቶ ከሆነ፣ የሕመሙ ድምፅ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የሙክታርን ድምፅ ሰማሁ።

«አሰላሙ ዓለይኩም! የአማርኛ የቤት ሥራ አለብን፤ ኤዶ ካልረዳችን ክፍሉ በሙሉ ይወድቃል።»

«ታማለች፣ አትችልም» አለች ነጃት።

«እንግዲያው ለጥየቃ መጣን! ይኸው ወተትም ይዘናል። ከቱሊ ጉሌድ ነው፤ የግመል። የሆዳን እናት ላከችው።»

በሽተኛ ለመጠየቅ ወተት ይዞ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? ነጃት አስገባቻቸው። ሙክታር ሳሎን ቀረና ነጃትን በወሬ ያዛት። በኋላ እንደነገረችኝ የሳምቡሳውን ሳህን ባዶ ያደረገው እያወራ ነው፤ በየመሐሉም «አንድ ብቻ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ» ይላት ነበር። ሆዳን ብቻዋን ወደ እኔ ገባች።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አላየችኝም። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ የቃል ፈተና እንደሚፈተን ሰው ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

«ኤዶ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በልተሻል?»

«አላስታውስም።»

«ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም። ከረመ።»

የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። ሦስተኛውን የረሳችው መሰለኝ። አልረሳችውም፤ ፈርታው ነው።

«ማን ያውቃል?»

ይህን ጥያቄ በእጄ አርሜዋለሁ። ሌሎችን ስጠይቅበትም ነበር። ለእኔ ሲመጣ ግን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ሦስት ክሊኒክ ደሜን፣ ጨጓራዬን፣ ልቤን ጠይቋል። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«ማንም» አልኳት።

ሆዳን ዓይኗን ገለጠች። «በቃ» አለች። «አሁን እኔ አወቅሁ።»

አለቀስኩ። ለአባቴ ያላለቀስኩትን ነው መሰለኝ ያለቀስኩት፤ ማብቂያ አልነበረውም። አልመከረችኝም። «አይዞሽ» አላለችኝም፤ ደንቡ ይከለክላል። እዚያው ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ የራሷ ሻርፕ ጫፍ እስኪርስ እሷም አለቀሰች። ስጨርስ ባልነቃሁ ብዬ የምመኘውን ነገር ነገርኳት። ፊቷ ነጣ፤ ከቦታዋ ግን አልተነሳችም።

«ይሄ ከባድ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ለመምህር መንገሬ አይቀርም። ግን እሺ ብትይኝ ይሻላል። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ አንቺው ነሽ ያረምሽው።»

በዚያ ሁሉ ዕንባ መሐል ሳቄ መጣ። «ንገሪው» አልኳት። «ለነጃትም ንገሪልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን አታሳድረኝ።»

ነጃት ያን ቀን ፍራሿን ጎትታ አጠገቤ አነጠፈች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ እጇን ብቻ በብርድ ልብሴ ሥር አሾልካ እጄን ያዘች።

መምህር ብርሃኑ በማግሥቱ ጀማልን ሱቁ ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ጀማል ጮኸ፤ «እህቴ እብድ አይደለችም!» መምህሩም፣ «እኔም አላልኩም። የታመመች ነው ያልኩት» አለው። ጀማል ሆስፒታል የወሰደኝ እልህ ይዞት ነው፤ እብድ አለመሆኔን በማኅተም አስመትቶ ለመመለስ።

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ሌላው በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ይጫወታል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፤ እዚያ በር ላይ ግን ሁሉም ግድግዳ ያያል። ሻርፔን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ። ቀና ስል የሰፈራችንን ሴት አየሁ፤ ወይዘሮ አልማዝን፣ የወታደር ሚስት፣ ሳቂታ፣ ሰው የምትወድ። ተያየን። ሁለታችንም ያልተያየን ለመምሰል ሞከርን፣ አልተሳካም። ከዚያ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና «ነይ፣ እዚህ ነፋሱ አይደርስም» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ከዚያ ሁሉ የጥበቃ ወንበር የማስታውሰው የእሷን ነው።

ያየችን ነርስ ሲስተር ሰላማዊት ትባላለች። አልቸኮለችም። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ እናቴ፣ ባልነቃሁ ስለማለቴም በቀጥታ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር። ከዚያ ወደ ጀማል ዞራ ሥራውን ጠየቀችው። ሲነግራት ፈገግ አለች።

«እንግዲያው ላንተ ማስረዳት ይቀለኛል። ነፋስ ሲነሳ የቆመ መኪና ሁሉ ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«በየቀኑ! ሌባ የለም፣ ምን የለም፣ አላርሙ ዝም ብሎ ይጮኻል።»

«የእህትህም እንደዚያ ነው። ልቧ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ሌባ ግን የለም። ይሄ ጭንቀት ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ጩኸቱ እውነት ነው።»

ጀማል ግንባሩን ቋጠረ። «ማለት... መኪናው ደህና ነው፤ ሴንሰሩ ነው የበዛበት?»

«እንደሱ በለው።»

«ግን እኮ አላርም ብዙ ከጮኸ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ጠዋት ቁልፍ ብታዞሪ አይነሳም።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሱን ድባቴ እንለዋለን። አሁን እሷ እዚያ ላይ ናት።»

ወንድሜ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ይነሳል ግን?» አለ።

«ይነሳል። በመድኃኒት፣ በመነጋገር፣ ቀስ ብሎ።»

«ትምህርቱስ? ትምህርቱ አይደለም ያሳመማት?»

«እሷን ለምን አትጠይቃትም?»

ጀማል ወደ እኔ ዞረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚለብስ ስጠይቀው የኖርኩት እኔ ነኝ። እሱ እኔን እንዲህ ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ሰዓዳ፣ ትምህርቱ ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «ሌላውን ሁሉ ስለ እናንተ ነው የኖርኩት። የኔ ትምህርቱ ብቻ ነው። እሱን ከወሰድክብኝ ወዴት ልነሳ?»

መድኃኒቱን ተቀብለን ወጣን፤ ባጃጅ ውስጥ ገባን፤ ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ ድንገት የባጃጁን ሾፌር ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ፍጠንልኝ እስቲ» አለው። ወደ እኔም ዞሮ «ነጃት ዩኒፎርሙን ሰጥታው እንዳይሆን» አለኝ።

ሰጥታው ነበር። ያን ቀን ነጃት ነጠላ ጫማ እያንሸራተተች ጎረቤት ሮጣ፣ «ውሰዱ ያልኩት ተሳስቼ ነው፣ ሌላ አሰፋላችኋለሁ» እያለች ስትለምን ጀማል በር ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። የልጅቷ እናት ቀሚሱን አሳጥራው ኖሯል። ስለዚህ ከተረከዜ ከፍ ያለ ዩኒፎርም ለብሼ ተመለስኩ፤ ነጃት ከሥሩ ሌላ ቀለም ጨርቅ ቀጠለችበት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለበስኩት።

መዳን በአንድ ጠዋት አልመጣም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒቱ አፌን አደረቀው፣ አጥወለወለኝ፣ ለውጡ ግን አልታይ አለ። ልተወው ብዬ ነበር። ሲስተር «እንደሚዘገይ ነግሬሻለሁ፤ በራስሽ እንዳታቆሚው» ብላ አስጠንቅቃኝ ስለነበር ጸናሁ። እናንተም በራሳችሁ አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቁሙ። ልጆቹ ያመለጠኝን ትምህርት እየተፈራረቁ ያስረዱኝ ነበር። ሙክታር ኬሚስትሪ ሲያስረዳ ግማሹን ከራሱ ይፈጥረዋል፤ እሱን ለማረም ስል መጽሐፉን መክፈት ግድ ሆነብኝ።

ሁሉም ደግ አልነበረም። አንዱ ከኋላዬ «ዋላን» አለኝ፤ በሶማሊኛ እብድ ማለት ነው። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው ሆዳን ዞረችና ክፍሉ በሙሉ እስኪሰማ «አንተን ወባ ሲይዝህ ወባ ብለን ጠራንህ?» አለችው። ልጁ እስከ ክረምት ወባ ተብሎ ቀረ። ይህ ከደግነት ክበብ ደንብ ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ደስ አለኝ ግን።

መዳኔን ያወቅሁት በአንድ ታፔላ ነው። ከባጃጅ ላይ ሆኜ የአንድ ሱቅ ስም በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ አየሁና ተናደድኩ። «ቀለም ሲያባክኑ አንድ ሰው እንኳ አይጠይቁም?» ብዬ ጮክ ብዬ አጉተመተምኩ። ከዚያ ተናድጄ መሆኑ ገባኝ። ስንት ወር ሙሉ ምንም የማይመስለኝ ሰው፣ በአንድ ፊደል ተናደድኩ! ወርጄ ሱቁ ገባሁና ስህተቱን አሳየኋቸው። ባለሱቁ አላመሰገነኝም። እኔ ግን ቤቴ ድረስ በእግሬ፣ በነፋሱ መሐል፣ ሻርፔን ይዤ እየሳቅሁ ሄድኩ።

አሁን መድኃኒቱን ሲስተር ሰላማዊት ራሷ ቀስ በቀስ ቀንሳ አቁማልኛለች። አንዳንዴ ነፋሱ ሲበረታ ልቤ ይሮጣል። «አላርም ነው» እለዋለሁ፤ ያልፋል። ጀማል በየሳምንቱ «ባትሪው እንዴት ነው?» ይለኛል፤ ከዚህ የተሻለ የወንድም ፍቅር አላውቅም።

ክበቡም አንድ ደንብ ጨመረ። ያመጣችው ሆዳን ናት፤ እኔ ግሡን አስተካከልኩ። አረንጓዴው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ፣ የራሱን ከመናገሩ በፊት አጠገቡ ያለውን ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቃል። ተረኛም ይሁን፣ ትልቅ ሰውም ይሁን፣ መምህርም ይሁን። መልሱ አልሐምዱሊላህ ከሆነ፣ ምስጋናው ለአላህ ነው ይባልና ጥያቄው ይደገማል።

ባለፈው ሳምንት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አንዲት አዲስ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣች፤ ከኤረር የመጣች፣ ዓይኗ ያበጠ። ከአጠገቤ ተቀመጠችና ወዲያው ልትጀምር አፏን ከፈተች። ጣቴን አንስቼ አስቆምኳትና ዛፉ ላይ የተሰቀለውን ደንብ አሳየኋት። አነበበችው። ደነገጠች።

«ኤዶን? እኔ?»

«አንቺ።»

እንደዚያ ቀን እንደ ሆዳን ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። «በልተሻል?»

«በልቻለሁ። ፓስታ።»

«ተኝተሻል?»

«እስከ ሱብሒ አዛን።»

«ማን... ማን ያውቃል?»

«ወንድሜ ያውቃል። ሚስቱ ታውቃለች። ነርሷ ታውቃለች። ክፍሌ በሙሉ ያውቃል። ሆዳን ከሁሉም በፊት አውቃለች።» መጽሐፌን ዘጋሁና ወደ እሷ ዞርኩ። «በይ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው። በልተሻል?»